ኮምፒውተሩ ሲንቀራፈፍ፦ «ፎርማት ይደረግ» ከማለታችሁ በፊት

ኮምፒውተር ሲንቀራፈፍ እኛ ጋ ያለው መድኃኒት አንድ ነው። ፎርማት። ጥገና ቤት ይወሰዳል፣ ልጁ ገና ክዳኑን ሳይከፍት «ቫይረስ በልቶታል» ይላል፣ ማታ ላይ አዲስ ዊንዶውስ ተጭኖበት ይመለሳል። የመጀመሪያው ሳምንት ሠርግና ምላሽ ነው። ከዚያ ቀስ በቀስ ያው የድሮው ነገር ይመጣል። ያንቀራፈፈው ነገር አልተነካማ!

አንዳንዴ ደግሞ ከነጭራሹ ይባስ ይሆናል። አንዲት የማውቃት ልጅ ላፕቶፗን ለፎርማት ሰጥታ ስትቀበል ዴስክቶፑ ላይ የነበረው የመመረቂያ ጽሑፏ አብሮ ሄዷል። «የምትፈልጊው ፋይል አለ ወይ?» ብሎ የጠየቃት ሰው የለም።

ስለዚህ እዚያ ከመድረሳችሁ በፊት ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ ልታደርጉት የምትችሉትን ልንገራችሁ። የማወራው ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ስለተጫነበት የቤት ኮምፒውተር ነው። አብዛኛው ሥራ አንድ ብር አያስወጣም፤ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል።

ምን እየበላው እንደሆነ እዩ

ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ትንሽ መስኮት ሆኖ ከመጣ ከታች «ሞር ዲቴይልስ» የሚለውን ንኩት። አሁን ከላይ ሲፒዩ (የኮምፒውተሩ አንጎል)፣ ሜሞሪ፣ ዲስክ፣ ኔትወርክ የሚሉ ዓምዶች ታያላችሁ፤ እያንዳንዱ ላይ ፐርሰንት አለ። ርዕሱን ስትነኩት ብዙ የሚበላው ፕሮግራም ወደ ላይ ይወጣል።

ይህን የምታዩት ኮምፒውተሩ እንደተነሳ አይደለም። ዊንዶውስ ሲነሳ የራሱን ጉዳይ ያራውጣል፤ አፕዴት ይፈልጋል፣ ፋይል ይቆጥራል፣ ቫይረስ ይፈትሻል። ሩብ ሰዓት ያህል ተዉትና ከዚያ እዩ። ብሮውዘርም ሆነ ሌላ ነገር አትክፈቱ።

ዲስክ የሚለው 100 ፐርሰንት ላይ ተጣብቆ ከቀረና ሲፒዩው ዝም ካለ፣ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ሃርድ ዲስኩ ነው። ሜሞሪ 85 እና 90 ውስጥ ከሆነ ራም (ሜሞሪው ማለት ነው) አንሶታል ወይም በጣም ብዙ ነገር አብሮ እየተነሳ ነው። ምንም ሳትከፍቱ ሲፒዩው 70 እና 80 ላይ የሚሮጥ ከሆነ ደግሞ ከላይ የወጣው ስም ማን እንደሆነ ተመልከቱ። የዊንዶውስ አፕዴት ወይም አንቲቫይረስ ከሆነ ይጨርስ፤ የማታውቁት ስም ከሆነ ጠርጥሩ። የሰው ኮምፒውተር ውስጥ ተደብቀው ክሪፕቶ (ዲጂታል ገንዘብ) የሚቆፍሩ ፕሮግራሞች የሚታወቁት በዚህ ነው። አንዳንዶቹ ታስክ ማናጀር ሲከፈት ድምፃቸውን አጥፍተው ሲዘጋ ተመልሰው ይነሳሉ። ፋኑ ሲጮህ ቆይቶ ታስክ ማናጀር በከፈታችሁ ቁጥር ዝም የሚል ከሆነ ነገሩ ጤነኛ አይደለም።

አንድ ትንሽ ነገር ደግሞ አለች። ብዙ ሰው ማታ ማታ «ሻት ዳውን» ስለሚል ኮምፒውተሩ በደንብ ያረፈ ይመስለዋል። ዊንዶውስ ግን «ፋስት ስታርትአፕ» የሚባል ነገር አለው፤ ሻት ዳውን ስትሉት የራሱን ዋና ክፍል ዲስክ ላይ አስቀምጦ ይተኛና ጠዋት እዚያው ካቆመበት ይቀጥላል። በትክክል ከዜሮ የሚነሳው «ሪስታርት» ስትሉት ነው። ለሳምንታት ሪስታርት ያልተደረገ ኮምፒውተር ቢንቀራፈፍ አይፈረድበትም። ሌላውን ሁሉ ከመነካካታችሁ በፊት ይህን ሞክሩ።

ጓዙን አራግፉ

ታስክ ማናጀር ውስጥ «ስታርትአፕ አፕስ» የሚለውን ክፈቱ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብረው የሚነሱት እዚህ ተሰልፈዋል፤ ቶረንት፣ የፕሪንተር ረዳት፣ ሦስት ዓይነት አፕዴተር፣ አንዴ ከፍታችሁት የረሳችሁት ጌም። ራይት ክሊክ አድርጋችሁ «ዲሴብል» በሉ። ይህ ፕሮግራሙን አያጠፋውም፤ ስትፈልጉ ራሳችሁ ትከፍቱታላችሁ። የዊንዶውስ ሴኩሪቲን፣ የድምፅና የታችፓድ ድራይቨሮችን ተዉ። ሌላው ይውረድ።

ቀጥሎ ሴቲንግስ ውስጥ «አፕስ» ገብታችሁ የማትጠቀሙበትን አንኢንስቶል አድርጉ። በተለይ ሁለት አንቲቫይረስ ካላችሁ አንዱ ይውጣ። ሁለት ዘበኛ አንድ በር ላይ ቆሞ እርስ በርሱ መታወቂያ ሲጠያየቅ የሚውል ማለት ነው፤ ያንኑ ፋይል ሁለቱም ይፈትሹታል፣ እናንተ ትጠብቃላችሁ። ከላፕቶፑ ጋር መጥቶ ጊዜው ያለፈበት፣ በየቀኑ «አድሱኝ» እያለ የሚጨቀጭቀውማ ያለ ክርክር ይውጣ። እሱ ሲወጣ የዊንዶውሱ የራሱ ዲፌንደር ተመልሶ ይነሳል።

አሁን የሲ ድራይቭን ቦታ እዩ። ከጠቅላላው 15 ፐርሰንት እንኳ ነፃ ካልሆነ ዊንዶውስ መተንፈሻ ያጣል። ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ስቶሬጅ፣ ከዚያ «ቴምፖራሪ ፋይልስ»። የሚጠፉትን ምልክት አድርጋችሁ አስወግዱ። ዝርዝሩ ውስጥ «ዳውንሎድስ» የሚልም አለ፤ እሱን ምልክት እንዳታደርጉበት፣ የምትፈልጉት ፋይል እዚያ ሊኖር ይችላል።

እኛ አገር ደግሞ ቦታ የሚበላው ዋናው ሌባ ቴሌግራም ነው። አሥር የፊልም ቻናል፣ ሃያ የመጽሐፍ ቻናል፣ የመሥሪያ ቤት ግሩፕ፣ የዕድር ግሩፕ፤ ሁሉም የሚልከው ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እየወረደ ይከማቻል። ቴሌግራም ዴስክቶፕ ውስጥ ሴቲንግስ፣ ከዚያ «አድቫንስድ»፣ ከዚያ «ማኔጅ ሎካል ስቶሬጅ» ግቡና አጽዱት። እዚያው አድቫንስድ ውስጥ በራሱ ማውረዱንም ለግሩፕና ለቻናል ዝጉት። ከዚያ ዳውንሎድስ ፎልደር ውስጥ «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» የሚል ሌላ ፎልደር ታገኛላችሁ። ክፈቱት። በመጠን ደርድሩት። አይታችሁ የጨረሳችኋቸው ፊልሞች በሙሉ እዚያ አሉ።

ኢንተርኔታችሁ ከስልክ ሆትስፖት የሚመጣ ከሆነ ዋይፋዩን «ሚተርድ ኮኔክሽን» አድርጉት። ያኔ ዊንዶውስ ትልልቁን አፕዴት ሳያስፈቅድ አያወርድም፤ ጥቅላችሁም በአንድ ሌሊት አያልቅም። ግን አፕዴትን ጨርሶ አትዝጉት። ቫይረስ የሚገባባቸውን ቀዳዳዎች የሚደፍነው እሱ ነው፤ ቢሮ ወይም ሰፊ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ስትሄዱ አውርዱት።

ስለ «ማፍጠኛ» ፕሮግራሞች አጭር ነገር፦ አትጫኑ። ሬጂስትሪ አጽጂ፣ ራም አስፋፊ፣ ድራይቨር አዳሽ፣ «በአንድ ክሊክ 300 ፐርሰንት ፈጣን» የሚሉ። ሬጂስትሪ (የዊንዶውስ የቅንብር መዝገብ) ማጽዳት ኮምፒውተር አያፈጥንም፤ ማበላሸት ግን ይችላል። ስም ያላቸውም ቢሆኑ ዋስትና የላቸውም፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ሲክሊነር የተባለው አጽጂ ፕሮግራም አንድ እትም ከራሱ ከኩባንያው ሰርቨር ቫይረስ ተቀብሮበት ከ2 ሚሊዮን በላይ ኮምፒውተር ላይ ተጭኗል። ቦታ ማጽዳቱን ዊንዶውስ ራሱ ይችለዋል።

የፍላሹ ቫይረስ

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። የቤት ኮምፒውተራችን ላይ ቫይረስ የሚገባባቸው በሮች ሁለት ናቸው፤ ፍላሽና ክራክ (የሚከፈልበትን ፕሮግራም ያለ ክፍያ የሚያሠራው)። ሌላው ሁሉ ከእነሱ በኋላ ይመጣል።

ፍላሹን እናስቀድም። ፕሪንት ቤት ሄዳችሁ ሲቪ አሳትማችሁ ትመለሳላችሁ። ፍላሹን ስትሰኩት ፎልደሮቻችሁ ሁሉ አሉ፤ ስማቸውም ያው ነው። ቀረብ ብላችሁ ስታዩ ግን ምስሉ ግራ ጥግ ላይ ትንሽዬ ቀስት አለች፤ መጠኑም 1 ወይም 2 ኪሎባይት ነው። ደብል ክሊክ ስታደርጉት ፎልደሩ ይከፈታል፣ ፋይሎቹ አሉ፣ ምንም የሆነ ነገር አይመስልም። በዚያች ቅጽበት ግን ከፎልደሩ ጋር አብሮ አንድ ስክሪፕት ተነስቶ ኮምፒውተራችሁ ውስጥ ገብቷል። ከዚያ በኋላ የምትሰኩት ፍላሽ ሁሉ፣ የጎረቤታችሁም ጭምር፣ እንደዚያው ይሆናል።

ፋይሎቻችሁ አልጠፉም። ተደብቀው ነው። ይህን ሳያውቁ ፍላሹን ፎርማት አድርገው የሠርግ ፎቶ ያጠፉ ሰዎች አሉ።

የድሮ ቫይረሶች ፍላሹ ሲሰካ በራሳቸው ይነሱ ነበር። ከዊንዶውስ 7 ወዲህ ያ በር ተዘግቷል፤ ስለዚህ ዘዴው እናንተን ማስነካት ሆነ። ይህ ማለት ፍላሹን በመሰካት ብቻ አይደለም የምትያዙት፤ ቀስት ያለባትን ነገር ስትነኩ ነው። ፍላሹ ላይ ቀስት ካያችሁ እጃችሁን ሰብስቡ።

መጀመሪያ የሚጸዳው ኮምፒውተሩ ነው። ፍላሹን ብቻ ብታጸዱ ስትሰኩት መልሶ ይበክለዋል። ፍላሹን ንቀሉ። ታስክ ማናጀር ውስጥ «ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ቤዝድ ስክሪፕት ሆስት» የሚል ካገኛችሁ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ «ኤንድ ታስክ» በሉት። ቤት ውስጥ ያለ ተራ ኮምፒውተር ላይ ይህ ነገር ቁጭ ብሎ የሚውልበት ጥሩ ምክንያት ብዙም የለም። ከዚያ ስታርትአፕ አፕስ ውስጥ ግቡ፤ ትርጉም የሌለው ስም ያለው ስክሪፕት ካለ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ «ኦፕን ፋይል ሎኬሽን» በሉ። ብዙ ጊዜ «አፕዳታ» የሚባለው ስውር ፎልደር ውስጥ ይወስዳችኋል። ስታርትአፑን ዲሴብል አድርጉ፣ ፋይሉን አጥፉ፣ ሪሳይክል ቢኑንም ባዶ አድርጉ። ቀጥሎ ከታች የምነግራችሁን ፍተሻ ሙሉውን አስኪዱ።

አሁን ፍላሹን ሰክታችሁ ምንም ሳትነኩ ፋይል ኤክስፕሎረር ውስጥ «ቪው» በሉና ስውር ፋይሎች እንዲታዩ አድርጉ። ካልበቃ «ፎልደር ኦፕሽንስ» ውስጥ የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ የሚለውንም ምልክት አንሱለት። ማስጠንቀቂያ ይሰጣችኋል፣ «የስ» በሉ። ያኔ እውነተኛዎቹ ፎልደሮች ፈዘዝ ብለው ይወጣሉ። አንዳንዴ ደግሞ ሁሉም ስም በሌለው አንድ ፎልደር ውስጥ ተጠቅጥቀው ታገኟቸዋላችሁ።

የፈዘዘውን ፎልደር ፕሮፐርቲስ ከፍታችሁ «ሂድን» የሚለውን ለማንሳት ብትሞክሩ እምቢ ይላል። ቫይረሱ የሲስተም ፋይል አስመስሎታልና። አትታገሉት። ኮምፒውተራችሁ ላይ አዲስ ፎልደር ፍጠሩ፣ ከፈዘዘው ውስጥ ያሉትን ሰነዶችና ፎቶዎች ብቻ ወደዚያ ገልብጡ። ብቻውን የተደበቀ የዎርድ ሰነድ ካለ ከፍታችሁ በሌላ ስም ሴቭ አድርጉት፤ አዲሱ አይደበቅም። ቀስት ያለበትን ማንኛውንም ነገር፣ ስክሪፕት የሚመስለውን ሁሉ ተዉት። ፋይላችሁ መውጣቱን አረጋግጡ፣ እንደገና አረጋግጡ፣ ከዚያ ፍላሹን ፎርማት አድርጉት። እዚህ ጋ ፎርማት ቦታው ነው። ሲያልቅ ስውር የነበረውን ሴቲንግ መልሱት።

ለወደፊቱ ፕሪንት ቤት ስትሄዱ ሰነዱን ፒዲኤፍ አድርጋችሁ በቴሌግራም ላኩላቸው። ፍላሽ አይዞር።

ፍተሻው

አብዛኛው ሰው የሚከፈልበት አንቲቫይረስ አያስፈልገውም። ዊንዶውስ ውስጥ ያለው ዲፌንደር ለቤት ይበቃል፤ ችግሩ ብዙ ጊዜ ተዘግቶ መገኘቱ ነው።

«ዊንዶውስ ሴኩሪቲ» ብላችሁ ፈልጉ፣ «ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን» ውስጥ ግቡ። መጀመሪያ የዲፌንደሩ ማብሪያ መብራቱን እዩ። ከዚያ ሴቲንጉ ውስጥ እስከ ታች ውረዱና «ኤክስክሉዥንስ» የሚለውን ክፈቱ። ይህችን ቦታ ማንም አያያትም። ዲፌንደር እንዳይፈትሻቸው የተባሉ ቦታዎች ዝርዝር ናት። ቤት ውስጥ ባለ ኮምፒውተር ባዶ መሆን አለባት። ሲ ድራይቭ በሙሉ እዚያ ተጽፎ ካገኛችሁት፣ ዘበኛው «ግቢው ውስጥ ምንም ቢፈጠር እንዳታይ» ተብሏል። ክራክ ስትጭኑ «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፉት» የሚባለው ለዚሁ ነው። ያለውን ሁሉ አውጡት።

አሁን «ስካን ኦፕሽንስ» ውስጥ «ፉል ስካን» አስኪዱ። ዲስኩ የቆየ ከሆነ ሰዓታት ሊወስድ ይችላል፤ ማታ ቻርጀር ላይ ሰክታችሁ ተኙ። እዚያው ዝርዝር ውስጥ «ማይክሮሶፍት ዲፌንደር ኦፍላይን ስካን» የሚል አለ። እሱን ስትመርጡ ኮምፒውተሩ ሪስታርት አድርጎ ዊንዶውስ ሳይነሳ ይፈትሻል፤ ሩብ ሰዓት ገደማ ነው። ዊንዶውስ ውስጥ ተደብቀው የሚያመልጡትን የሚይዘው ይህ ነው። ሥራችሁን ሴቭ ሳታደርጉ ግን አትጀምሩት።

ሁለተኛ ዓይን ከፈለጋችሁ የማልዌርባይትስ ነፃው እትምና የእነሱው አድውክሊነር ጥሩ ናቸው። ከራሱ ከኩባንያው ገጽ አውርዱ። ጎግል ላይ ስትፈልጉ ከላይ «ስፖንሰርድ» ብሎ የሚመጣውን እለፉት፤ ሐሰተኛ ማውረጃ እዚያ ይለጠፋል።

ብሮውዘሩ ለብቻው መታየት አለበት። ብዙዎች «ቫይረስ አለብኝ» የሚሉት ከስክሪኑ ቀኝ ጥግ ብቅ የሚለውን ማስታወቂያ አይተው ነው። «ኮምፒውተርዎ በ5 ቫይረስ ተጠቅቷል» የሚለው። አብዛኛውን ጊዜ ቫይረስ አይደለም፤ አንድ ፊልም ወይም ኳስ የሚያሳይ ገጽ ላይ «አላው» ብላችሁ ፈቅዳችሁለት ነው። ክሮም ውስጥ ሴቲንግስ፣ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ»፣ «ሳይት ሴቲንግስ»፣ «ኖቲፊኬሽንስ»። የማታውቋቸውን ገጾች በሙሉ አጥፉ። ከዚያ «ኤክስቴንሽንስ» ውስጥ ገብታችሁ ራሳችሁ አስባችሁ ያልጫናችሁትን አውጡ። ፍለጋችሁ ሳታዙት ወደ ሌላ ገጽ የሚዞር ከሆነ የክሮም ሴቲንግስ ውስጥ «ሪሴት ሴቲንግስ» አለ፤ ቡክማርካችሁና ፓስወርዳችሁ አይጠፋም።

ስክሪኑን ሙሉ ሞልቶ እየጮኸ ስልክ ቁጥር የሚሰጣችሁ ገጽ ከመጣ ደግሞ አትደውሉ። አሜሪካና አውሮፓ ወላጆች ያሏችሁ ይህን ንገሯቸው፤ እዚያ በብዛት የሚመጣው ይኼኛው ነው። ማይክሮሶፍት በማስጠንቀቂያው ላይ ስልክ ቁጥር አይጽፍም፣ ሰው ቤትም ደውሎ «ኤኒዴስክ (ኮምፒውተር ከሩቅ መቆጣጠሪያ) ጫኑልኝ» አይልም። አልትና ኤፍ4 ተጭናችሁ ዝጉት፣ እምቢ ካለ በታስክ ማናጀር ብሮውዘሩን ግደሉት።

ክራክ

እዚህ ላይ ሥነ ምግባር ልሰብክ አይደለም። ዋጋው እኛ አቅም እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ክራክ ስትጭኑ ምን እየሆነ እንደሆነ እወቁ፦ ማንነቱን የማታውቁት ሰው የሠራውን ፕሮግራም፣ አንቲቫይረሱን ራሳችሁ አጥፍታችሁ፣ በአድሚን ፈቃድ እያስገባችሁ ነው። ከዚህ የተመቸ በር የትም የለም። ፋይሎችን ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው «ስቶፕ» የተባለው ራንሰምዌር በዋናነት የተሠራጨው በክራክና በቁልፍ አመንጪዎች ነው፤ የሚያጠቃውም ድርጅት ሳይሆን ተራ የቤት ተጠቃሚን ነው። የፎቶዎቻችሁ ስም መጨረሻ ላይ የማታውቁት ቅጥያ ተጨምሮ ሁሉም አልከፈት ካሉ እሱ ወይም ዘመዱ ነው። አትክፈሉ፣ ፋይሎቹንም አታጥፉ። እ.ኤ.አ. በ2016 ዩሮፖልና የኔዘርላንድስ ፖሊስ ከአንቲቫይረስ ኩባንያዎች ጋር የከፈቱት «ኖ ሞር ራንሰም» የሚባል ገጽ አለ፤ ለአንዳንዶቹ መፍቻ በነፃ ይሰጣል።

ደግሞ ብዙ ጊዜ ክራኩ አያስፈልግም። በአማርኛ ለመጻፍ ከሰው ፍላሽ የተገለበጠ ፓወር ግዕዝ መፈለግ የለባችሁም፤ ዊንዶውስ ራሱ የአማርኛ ኪቦርድ አለው፣ ኪማን የሚባለውም በነፃ ይወርዳል። ለዎርድና ለኤክሴል ሥራ ሊብሬኦፊስ አለ።

ቫይረስ ካገኛችሁ፣ በተለይ ከክራክ የመጣ ከሆነ፣ ማጥፋቱ ብቻ አይበቃም። የዛሬዎቹ ዋና ሥራቸው ብሮውዘር ላይ የተቀመጠውን ፓስወርድና የገባችሁበትን ሎግኢን መስረቅ ነው፤ ያንን ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ጨርሰው ልከውታል። ስለዚህ በስልካችሁ፣ በተጠቃው ኮምፒውተር ሳይሆን፣ የጂሜይላችሁን ፓስወርድ ቀይሩ፣ ከሁሉም ዲቫይስ ሎግአውት በሉ፣ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አብሩ። ቴሌግራም ውስጥ «ዲቫይስስ» ገብታችሁ «ተርሚኔት ኦል አዘር ሴሽንስ» በሉ። ይህን የዘነጋ ሰው አካውንቱ ያልተጠለፈበት ቢመስለውም፣ ሌባው ፓስወርድ ሳያስፈልገው ከተሰረቀው ፋይል ገብቶ ከዘመድ ወዳጁ ብር ሲበደርበት ይገኛል።

ዕቃው ራሱ ሲያረጅ

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ዲስኩ አሁንም 100 ፐርሰንት ከሆነ፣ ታስክ ማናጀር ውስጥ «ፐርፎርማንስ» በሉና ዲስኩን እዩ። «ኤችዲዲ» ይላል «ኤስኤስዲ»? ኤችዲዲ ከሆነ መልሱ ተገኘ። ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን አለ፤ ትንንሽ ፋይሎችን ከየቦታው ለመልቀም መርፌው ወዲያ ወዲህ ይመላለሳል። የዛሬ ዊንዶውስ ደግሞ ሥራው ይኸው ነው። ጥሩ የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ በሰከንድ 100 ሜጋባይት አካባቢ ሲያነብ የሚሽከረከር ነገር የሌለው ተራው የሳታ ኤስኤስዲ 500 ያልፋል፤ በትንንሽ ፋይል ደግሞ ልዩነቱ በብዙ እጥፍ ይሰፋል። ለአሮጌ ላፕቶፕ ብር ካወጣችሁ እዚህ ላይ አውጡ። 240 ወይም 256 ጊጋባይት ይበቃል፤ የድሮውን ሃርድ ዲስክ በኬዝ አስገብታችሁ ፋይል ማስቀመጫ ታደርጉታላችሁ።

ሃርድ ዲስኩ እየተንቋቋ ከሆነ ግን ፍተሻም ሌላም አትጀምሩ። ቀድማችሁ ፋይል ገልብጡ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም የዲስኩን ጤና ያሳያል፤ ቢጫ ሆኖ «ኮሽን» ካለ ጊዜው እየደረሰ ነው።

ራም 4 ጊጋባይት ብቻ ከሆነ ወደ 8 ማሳደጉ ይታወቃችኋል። ከመግዛታችሁ በፊት ዲዲአር3 ይሁን ዲዲአር4 እዩ፤ አይለዋወጡም።

ሲፒዩው ሥራ በዝቶበትም ፍጥነቱ ከአንድ ጊጋኸርዝ በታች ከተጣበቀ ሁለት ነገር ጠርጥሩ። አንዱ ሙቀት ነው፤ አልጋ ላይ፣ ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጣችሁ የምትሠሩበት ላፕቶፕ አየር አያገኝም፣ ፋኑም በአቧራ ይታፈናል። አስከፍታችሁ አስጠርጉት፣ ቴርማል ፔስቱም (ሙቀት አስተላላፊው ቅባት) ይቀየር። ሌላው ቻርጀሩ ነው። የዴል ላፕቶፖች ቻርጀሩን ካላወቁት ፕሮሰሰሩን አውርደው ነው የሚያሠሩት፣ ባትሪም አይሞሉም። በፎርጅድ ቻርጀር ምክንያት ሁለቴ ሦስቴ ፎርማት የተደረገ ዴል ሞልቷል።

ፎርማቱ ግድ ሲሆን

ቫይረሱ እየተመለሰ ካስቸገረ ወይም ኤስኤስዲ ካስገባችሁ አዲስ መጫኑ ተገቢ ነው። መጀመሪያ ሰነድ፣ ፎቶና ቪዲዮ ብቻ ወደ ውጭ ድራይቭ አውጡ፤ ኢንስቶለርና ክራክ አታውጡ፣ ቫይረሱን ይዛችሁት ትመለሳላችሁ። ዊንዶውሱን ከማይክሮሶፍት ገጽ «ሚዲያ ክሪኤሽን ቱል» አውርዳችሁ ባዶ 8 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ ሥሩት።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ከፋብሪካ ዊንዶውስ ተጭኖባቸው የወጡ ላፕቶፖች፣ ከዱባይ የሚመጡት ዩዝዶችም ጭምር፣ የዊንዶውሱ ቁልፍ ማዘርቦርዳቸው ውስጥ ተቀብሯል። ትክክለኛውን ዓይነት ስትጭኑ ኢንተርኔት ሲያገኝ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ አክቲቬት ያደርጋል። ላፕቶፑ ይዞ የመጣው የዊንዶውስ ሆም እትም ከሆነ ሆም ጫኑ። ጥገና ቤት በግድ ፕሮ ጭኖ ክራክ የሚያደርገው የተከፈለበት ቁልፍ እያላችሁ ነው።

ዊንዶውስ 10 ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ለተመዘገበ ግለሰብ የደህንነት አፕዴቱ አንድ ዓመት ተራዝሟል፣ እስከ ጥቅምት 2019 ዓ.ም. ማለት ነው። ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል የሚቀበለው ከስምንተኛ ጄኔሬሽን ጀምሮ ነው፤ አይ5-8250 የሚል ከሆነ ይገባል፣ አይ5-7200 ከሆነ በሕጋዊው መንገድ አይገባም። እንዲህ ላለው ማሽን፣ ብሮውዘር፣ ፊልምና ጽሑፍ ብቻ ለሚሠራበት ቤት፣ የዊንዶውስ ነፃ ምትክ የሆነው ሊነክስ ሚንት አያሳፍርም። የአማርኛ ኪቦርድ አለው። ፍላሽ ላይ አድርጋችሁ ሳትጭኑት አስነሱትና ዋይፋዩ፣ ድምፁና ፕሪንተሩ መሥራታቸውን እዩ፤ ሦስቱም ከሠሩ ጫኑት።